ግማሽ ዓመት የሚያይ ጣሳ

የዛሬው ወጋችን ሌንስም ባትሪም ስለሌለው፣ አንዲት ፎቶ ለማንሳት ግማሽ ዓመት ስለሚፈጅ ካሜራ ነው።

ካሜራው ባዶ የመጠጥ ጣሳ ነው። ጎኑ በመርፌ ጫፍ ይበሳል፤ ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አትበልጥም። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ጥቁርና ነጭ የፎቶ ወረቀት ፊቱን ወደ ቀዳዳዋ አዙሮ ጣሳው ውስጥ መለጠፍ፣ ክፍቱን በጥቁር ፕላስተር ማሸግ ነው። ቀዳዳዋም ጣሳው በረንዳ ላይ ጥፍር ተደርጎ እስኪታሰር ትሸፈናለች። ስትከፈት ሥራ ይጀመራል። ፀሐይ በየቀኑ ስታልፍ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች፤ ዳመና ሲጋርዳት መስመሩ ይቆረጣል።

እንዲህ ያለው ካሜራ ለችኩል ሰው ፊት አይሰጥም። በፈረንጆቹ 1838 የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጁ ሉዊ ዳጌር ከመስኮት ሆኖ አንድ የፓሪስ ጎዳና አነሳ። ፎቶው ደቂቃዎች ስለፈጀ ጋሪውም፣ ፈረሱም፣ እግረኛውም ሳይታዩ ቀሩ፤ ያ የደራ ጎዳና ጭር ያለ መሰለ። ተለይቶ የታየው ሊስትሮ ዘንድ ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ነው። ፎቶ ውስጥ የገባው ስለቆየ ነው።

መቆየት ካልን አይቀር፣ ሬጂና ቫልከንቦርግ የተባለች የእንግሊዙ ኸርትፎርድሺር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ተማሪ በፈረንጆቹ 2012 እንዲህ ያለ የቢራ ጣሳ በዩኒቨርሲቲው የከዋክብት መመልከቻ ቴሌስኮፕ ላይ አስራ ረሳችው። በ2020 ሲገኝ ስምንት ዓመት ከአንድ ወር ሲያይ ቆይቶ 2,953 የፀሐይ መስመሮች ይዞ ነበር።

የአውሮፓውያኑን መመሪያ አምኖ ጣሳውን ወደ ደቡብ የሚያዞር የአዲስ አበባ ሰው ግን ብዙ ያመልጠዋል። እነሱ ዘንድ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ናት። እኛ ጋ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ የሚያዋጣው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር ነው። የእነሱ መስመሮች እንደ ቀስተ ደመና ሲጎብጡ፣ የእኛዎቹ ከአድማስ ተነስተው ሽቅብ ቀጥ ይላሉ። ታኅሣሥ 12 ግድም ሰቅሎ ሰኔ 14 ግድም ያወረደ ሰው ፀሐይን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ይሸኛታል፤ የሐምሌ ዳመናም አይደርስበትም።

ወረቀቱ ሲወጣ በኬሚካል አይታጠብም፤ ብርሃኑ ራሱ አጥቁሮታል። ብርሃን ባየ ቁጥር ግን መጥቆሩን ስለማይተው፣ ቶሎ ስካን አድርጎ ነጩን ወደ ጥቁር፣ ጥቁሩን ወደ ነጭ መገልበጥ ነው።

አንድ ምክር ጨምሬ ልሰናበታችሁ፦ ጣሳውን ስትሰቅሉ ለቤተሰቡም ለጥበቃውም ንገሩ። ስድስት ወር ሙሉ የፀሐይን መንገድ ሲጽፍ የከረመ ጣሳ፣ ለቆራሌው ያው ጣሳ ነው።