ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጆቻችን ስለ ገንዘብ አያያዝ
(በወሩ ስብሰባ የእድሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር)



ከመንደራችን ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሡ ልጆች አሉ። ሂዱም አትሂዱም አንልም። ግን ወላጆች፣ ለደላላ ብላችሁ በአራጣ አትበደሩ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውን የሚከፍለው አሠሪው ነው ይላል። የልጅቱ ወጪ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የመሳሰለው ነው። የቲኬት አምጡ የሚል ቢመጣ ወደ እኛ ይዛችሁት ኑ፤ አዋጁን እናነብለታለን።

ሌላው የባንክ ደብተር ነው። ሳትሄድ በፊት በራሷ ስም ታውጣ። ይህን የምንለው በእኛው ቤት ስለ ደረሰ ነው። እህታችን አራት ዓመት የላከችውን ለቀለብና ለቤት ቆርቆሮ አዋልነው፤ ስትመለስ በስሟ አንድ ብር አልነበረም። እሷ ምንም አልተናገረችም፣ እኛ ግን ዓይኗን ማየት አቃተን። እንግዲህ ለቤተሰብ የሚላከው ስንት፣ ለራሷ የሚቀመጠው ስንት እንደሆነ አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

የፓስፖርቷና የውሏ ኮፒ እናቷ ዘንድ ይቅር። እዚያ አሠሪው ፓስፖርቷን ቢይዝባት ቁጥሩ ከእጃችን አይጠፋም። ለኮፒ ማስነሻ ያጠረው ይንገረን፣ እድሩ ይችላል።