የስኳር ሕመምተኛው ቆዳና የሸክም ሠራተኛው እግር



በአዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ላይ በሸክም ሥራ የሚተዳደር ሰው እንጀራው በእግሩ ላይ የቆመ ነው። ከማለዳ እስከ ምሽት በፕላስቲክ ጫማ የሚመላለሰው ይህ ሠራተኛ የስኳር ሕመም ካለበት፣ እግሩን እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ከአንዲት የተረከዝ ንቃቃት ሊጀምር ይችላል።

የጉዳቱ ሂደት የታወቀ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከልኩ ሲያልፍ ነርቮችን ይጎዳል። የላብ ዕጢዎችን የሚያዝዙት ነርቮች ሲደክሙ የእግር ቆዳ ይደርቃል፤ ተረከዝም ይሰነጠቃል። በስንጥቁና ፈንገስ ባቆሰለው የጣቶች መካከል ተሕዋስያን ይገባሉ። የደም ሥሮች ጠበው ከሆነ ደግሞ ቁስሉ በቶሎ አይሽርም። ከሁሉ የከፋው ግን የስሜት ነርቮች መጥፋት ነው። ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቢያቆስለው ሠራተኛው አይሰማውም፤ ስለዚህም ሥራውን አያቋርጥም፣ ወደ ሐኪምም አይሄድም። ሕመም አለመኖሩ ጤንነት መስሎ ያታልለዋል።

ይህ ዓይነቱ እግር ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜት ያጣ እግር የሚጠበቅበትን ዘዴ ሲያስተምር ኖሯል። የሁለቱ በሽታዎች መነሻ ቢለያይም ጥንቃቄው ይመሳሰላል፤ ይኸውም በ10 ግራም ግፊት በሚጎብጥ የናይለን ክር ስሜትን መፈተሽ፣ እግርን በየቀኑ መመልከት፣ ጫማን ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ የጠጠረ ቆዳን በምላጭ አለመቁረጥ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከታጠበ በኋላ በጣቶቹ መካከል በሚገባ ሊያደርቅ፣ ቫዝሊኑንም ተረከዙን እንጂ የጣቶቹን መካከል እንዳይቀባ ሊመከር ይገባል።

ቆዳ በሽታውን ቀድሞ የሚናገርበትም ጊዜ አለ። የሚመላለስ ብጉንጅ፣ የብልት አካባቢ ማሳከክ፣ በአንገት ላይ የሚታይ የጠቆረና የወፈረ ቆዳ ሲያጋጥም ደምን ለስኳር መመርመር ተገቢ ነው።

ሕመምተኛው ስኳሩ ተለክቶ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ከተመለሰ ምርመራው ጎዶሎ ነው። እግሩ አመመኝ ብሎ ስለማይናገር፣ የባለሙያው ዓይንና እጅ ስለ እርሱ ሊናገሩ ግድ ይላል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ብሂል በዚህ ሥራ ላይ እውነተኛ ትርጉሙን ያገኛል።