ስሙ ብቻ የቀረ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ሀብትና ስለ ቤተ ዘመድ ነው። ከራሴ ዘመዶች ምሳሌ እንዳላመጣ ወላጆቼ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ እራቴም ያሳስበኛል። ስለዚህ ወደ ኢጣልያ አገር ልሻገር። ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ።

በፍሎሬንስ ከተማ ጉቺዮ ጉቺ የሚባል ሰው ነበረ። በወጣትነቱ ሎንዶን ሄዶ በሳቮይ ሆቴል በዝቅተኛ ሥራ ካገለገለ በኋላ፥ በ1921 ዓ.ም. በትውልድ ከተማው የቆዳ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። በ1953 ሲሞት ድርጅቱን ለሦስት ወንዶች ልጆቹ አወረሰ። ግሪማልዳ የተባለችው ልጁ ግን ሴት በመሆኗ ብቻ ከአክሲዮኑ ተነፈገች። ሌሎች የዚህን ቤት ጥፋት ከኋለኞቹ ይጀምሩታል፤ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ከሦስቱ ወንዶች ታላቁ አልዶ ነበረ። ንግዱን እስከ ኒው ዮርክ ያደረሰ ትጉህ ሰው ነው። ከሕጋዊ ሚስቱ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ነገር ግን በሮማው ሱቅ ከምትሠራ ሴት ጋራ ተዋደደና በ1963 ፓትሪሲያ የምትባል ልጅ ተወለደችለት። በኢጣልያ ፍቺ በሕግ የተፈቀደው በ1970 ነውና እናቲቱ ሎንዶን ሄዳ ወለደች፤ ሕፃኒቱም በምሥጢር አደገች። የአልዶ ልጅ መሆኗ በአደባባይ ታውቆ የድርጅቱ ቦርድ አባል የሆነችው ካደገች በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። በግቢያችን ጓደኛውን «ዲቃላ» ብሎ የሚሳደብ ተማሪ አለ። ልደብቃችሁ አልችልም፤ እኔም አንድ ቀን በኳስ ሜዳ ተናድጄ ብዬዋለሁ። የተሰደበው ልጅ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም። ያ ልጅ ምን በድሎ ነው? ፓትሪሲያስ ምን በድላ ነው ስሟ የተሸሸገው?

አባትን ያስጠቃው ከተሸሸገችው ልጅ ይልቅ በአደባባይ ያደገው ልጅ ነው። ፓኦሎ በገዛ ስሙ ሊነግድ ፈልጎ ከድርጅቱ ተባረረና ከቤተ ሰቡ ጋራ ተካሰሰ። በ1982 በቦርድ ስብሰባ ላይ ጠብ ተነሥቶ ፓኦሎ ተፈነከተ። እርሱም የአባቱን ግብር ማጭበርበር የሚያሳይ ሰነድ በአሜሪካ ለፍርድ ቤት አቀረበ። አልዶ ጥፋቱን አምኖ በ1986፥ በ81 ዓመቱ፥ የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደበት። ግብር መስረቅ ወንጀል ነው፤ ሰነዱም እውነት ነበረ። ይሁን እንጂ ፓኦሎ ይህን ያደረገው ለእውነት ብሎ ነው ለማለት አልደፍርም።

የአልዶ ወንድም ሮዶልፎ በወጣትነቱ ማውሪሲዮ ዳንኮራ በሚል ስም የፊልም ተዋናይ ነበረ፤ የተዋናይነት ስሙንም ለልጁ ሰጠው። ይህ ማውሪሲዮ በ1984 ከፓኦሎ ጋራ ተባብሮ አጎቱን ከሥልጣን አወረደ፤ በ1993 ደግሞ የራሱን ድርሻ ኢንቨስትኮርፕ ለተባለ የባሕሬን ኩባንያ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ በድርጅቱ ከጉቺ ዘር ባለ አክሲዮን አልቀረም። ማውሪሲዮ በመጋቢት 1995 በሚላኖ ከቢሮው በር ላይ በጥይት ተገደለ፤ አስገዳይዋ የቀድሞ ሚስቱ መሆኗ ተረጋግጦ በ1998 ተፈረደባት።

ያ በኳስ ሜዳ የሰደብሁት ጓደኛዬ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ይቅርታዬን ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዲቀበለኝ እለምነዋለሁ።