ጣርማ በር ላይ መሬት የነካ ደመና

እሷ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የነዳ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃታል። በጠራ ፀሐይ ስትጓዝ ቆይተህ ከፊትህ ያለው መኪና ድንገት ይሰወርብሃል።

እሱ፦ ያ ጉም እኮ ደመና ነው፤ መሬት የነካ ደመና። ታች ቆላው ላይ ያለ ሰው ቀና ቢል ተራራው ላይ የተኛ ደመና ነው የሚታየው። እኛ ውስጡ ነን።

እሷ፦ እዚያ እንዲህ የሚበረታው ለምንድን ነው?

እሱ፦ ከምሥራቅ፣ በአፋር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይገፋል። ወደ ላይ በወጣ መጠን ግፊቱ ይቀንሳል፤ አየሩ ይለጠጥና ይቀዘቅዛል። እስኪጠግብ ድረስ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ተኑ በጥቃቅን ብናኞች ላይ ጠብታ እየሆነ ይንሳፈፋል። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት።

እሷ፦ በጥቅምት ማለዳ ሜዳ ላይ የሚተኛውስ? እሱ እኮ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል።

እሱ፦ የእሱ አነሣስ ሌላ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቅና አጠገቡ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል። ፀሐይ ስትበረታ ያልቃል። የጣርማ በሩ ግን ነፋሱ እርጥበት እስከገፋ ድረስ እኩለ ቀንም አይለቅም።

እሷ፦ ሾፌሮቻችንን የምለምነው ለዚህ ነው፤ እባካችሁ ረጅም መብራት አታብሩ! ጠብታዎቹ ብርሃኑን መልሰው ዓይናችሁ ላይ ይረጩታል። አጭሩን አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ መቅደምን እዚያ ቦታ ጨርሶ እርሱት።