ወተት የሚያስችለው ዘረመል

(የመርካቶ ግርግር ለጥቂት ሰከንድ ይሰማ፤ ቀስ እያለ ይጥፋ)

አቅራቢ፦ ያለነው መርካቶ፣ ቅቤ ተራ ነው። ቅቤ ሆድ የሚነፋው ሰው ጥቂት ነው፤ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ቅቤው ውስጥ የሚቀረው እጅግ ትንሽ ነውና። ጣጣው ያለው ትኩስ ወተት ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው ጡት ከጣለ በኋላ ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይቀንስበታል። ከከብት አርቢዎች መካከል ግን ብዙዎቹ እስከ እርጅና ያመነጩታል። ይህን ችሎታ ከአንድ የጋራ አባት ወረሱት ወይስ በየፊናቸው አገኙት?

ውጤቱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ሸርጣን እንኳ ያታልላል፤ ያ ጠፍጣፋ ቅርጹ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ደጋግሞ ተፈጥሯል። ፈራጁ ዘረመል ነው።

በብዙ አውሮፓውያን፣ ከላክቴዝ ዘረመል አቅራቢያ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተለውጣለች። በፈረንጆች 2007 በተመራማሪዋ ሳራ ቲሽኮፍ የተመራ ቡድን በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን ሌሎች 3 ለውጦች አገኘ። ቦታቸው ከአውሮፓው ብዙም አይርቅም፤ በዙሪያቸው ያለው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ግን ይለያል። ከአንድ ምንጭ ቢወረሱ ኖሮ ዙሪያቸውም በተመሳሰለ ነበር። ስለዚህ ለየብቻ የተነሱ ናቸው።

በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በርካታ እንዲህ ያሉ ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳየ። እኔን ከሁሉም በላይ የደነቀኝ ይኼኛው ነው፦ አንድ አገር፣ አንድ ችግር፣ ብዙ መፍትሔ!

ወተት የሚነፋችሁ አድማጮች፣ እስቲ እርጎ ሞክሩ፤ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ይጨርሱላችኋል።