ሰምቶ መፍረድ

(በዛሪማ ለዕረፍት በተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን ፊት የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣንበት ጉዳይ ለአንዳንዶች የጨዋታ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉዳዩ ሙዚቃ ሰምቶ አስተያየት መስጠት ነው። ስለ ጃዝ አልበሞችና ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ደርሰው ስለሚዘፍኑት የኢጣልያ ዘፋኞች በመካከላችን ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ አንዳንዴም እስከ መቀያየም ደርሰናል። እኛ እንደሚመስለን የጠቡ ምንጭ አስተያየት ምን እንደ ሆነ ሳንስማማ መከራከራችን ነው። ብዙዎቻችን «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ካልን በኋላ ሐሳባችንን የገለጽን ይመስለናል። እንዲህ ያለው ቃል የተናጋሪውን ስሜት ያስታውቃል፤ ስለ ዜማው ግን ለአድማጩ የሚጨምርለት ነገር የለም።

በቅድሚያ ከራሳችን ቤት እንጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን። ጌታቸው መኩርያ በቴነር ሳክስፎን ሽለላና ፉከራ መጫወት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። በ1972 የታተመው አልበሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ውጭ አገር ጆሮ ሲደርስ፣ የዚያ አገር ጸሐፊዎች ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ከሚባሉት የፍሪ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር አመሳሰሉት። ንጽጽሩ ክብር ነው። ነገር ግን ከደባርቅ እስከ አዲ አርቃይ ባለው አገር በሠርግና በለቅሶ ፉከራ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ያንኑ ሸክላ ሲሰማ የሚታወቀው ሌላ ነገር ነው። ትንፋሹ የሚቈረጠው ፎካሪው ስም ጠርቶ በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ድምፁ የሚሻክረውም ፎካሪው ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት በሚረግጥበት ቦታ ነው። ይህን በፓሪስ ወይም በኒውዮርክ የተቀመጠ አድማጭ ሊነግረን አይችልም። እኛ ካልነገርነውም አያውቀውም።

ሁለተኛው ምሳሌ አዝማሪ ነው። በጎንደር አገር በአዝማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው ዝም ብሎ አይሰማም። «ተቀበል» ይልና ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ግጥሙ ሰም ብቻ ሆኖ ወርቅ ካጣ፣ ቤቱ በዝምታው ይፈርድበታል። እንግዲህ የጃዝ ሰዎች እዚያው በመድረክ ላይ፣ ሳይጻፍ፣ የሚፈጥሩትን ዜማ እንደ ታላቅ ጥበብ የምናደንቅ እኛ፣ ወደ አገራችን ስንመለስ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ እናውለዋለን። ለአንዱ ጭብጨባ፣ ለሌላው ንቀት፤ ሥራቸው ግን የሚቀራረብ ነው። እንዲህ የሚፈርድ ጆሮ የሚሰማው ዜማውን መሆኑ ያጠራጥራል፤ የሚሰማው የባለ ዜማውን ልብስና ማዕርግ ይመስለናል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ በመካከላችን የተደረገውን ክርክር እናንሣ። ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወልዶ፣ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረ ሰው ነው። በ1966 በኒውዮርክ ሸክላ አስቀረጸ፤ በ1972 እንደ ገና እዚያው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ በ1974ም «የካቲት» በአምኃ እሸቴ የሸክላ ድርጅት ታተመለት። ከመካከላችን አንዱ፣ አምስት ድምፅ ብቻ ካለው ቅኝት ሥር የምዕራቡ አርሞኒ ሲገባ ትዝታው ይደበዝዛል አለ። ሌላዋ ደግሞ ቪብራፎኑ እያንዳንዱን ድምፅ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ስለሚያቈየው፣ በመሰንቆ ፈጥኖ የሚያልፈንን የቅኝቱን ጠባይ ረጋ ብለን እንድንሰማ ያደርገናል ስትል ተከራከረች። እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሆኖም ሁለቱም ከሸክላው ውስጥ አንድ ቦታ በጣት ያሳዩ ስለ ሆነ፣ ሁላችንም ተመልሰን እንደ ገና ሰማነው። ወደ መስማት የሚመልሰን አስተያየት ሥራውን ፈጽሟል እንላለን።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ዛሪማ ላይ ቆሞ ስለ ኢጣልያ ዘፈን መናገር ቀላል አይደለም። ከሊማሊሞ ቍልቍል ወደዚህ የሚወርደውን አሮጌ መንገድ በወረራው ዘመን ያሠሩት እነሱ ናቸው። ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦራቸው እጁን የሰጠው በመስከረም 1941 ነው፤ ጎንደርም ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው። ስለዚህ አንድ ጓደኛችን «መርዝ ጋዝ ያወረዱብንን ሰዎች ቋንቋ በዘፈን ልናጣጥም ነውን?» ሲል የተናገረውን ማንም ሊስቅበት አይገባም። የአያቶቹ ሐዘን ነው የተናገረው።

መልሳችን ግን ይህ ነው። ፋሺስቶች ራሳቸው ጃዝን የባዕድና የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ነው ብለው ያንቋሽሹት ነበር። ካንታውቶሪ የሚባሉት ዘፋኞች የተነሡት ከውድቀታቸው በኋላ ነው፤ ከነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ ጃዝን የወደዱ ናቸው። ሙላቱ በተወለደበት ዓመት የተወለደው የቦሎኛው ሉቺዮ ዳላ በጃዝ ክላሪኔት ጀመረ። የአስቲው ጠበቃ ፓኦሎ ኮንቴም በወጣትነቱ እንደ ሙላቱ ቪብራፎን ይመታ ነበር። ፋብሪትሲዮ ዴ አንድሬ ደግሞ በ1984 ባወጣው አልበም የዘፈነው በትውልድ ከተማው በጄኖቫ አነጋገር ስለ ሆነ፣ ሌላው ኢጣልያዊ እንኳ በደንብ አይሰማውም። ቋንቋውን አለማወቅ ከመስማት አይከለክልም፤ ያልተረዳነውን እንደ ተረዳን አድርገን መናገር ግን ነውር ነው።

ከሁላችንም ይልቅ ለመቀየም ምክንያት የነበራቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር በግዞት ወደ ኢጣልያ ደሴት ወደ አዚናራ ተወስደዋል። ይሁን እንጂ የአውሮፓን ፒያኖ አልተጸየፉትም። በጎንደር ኖረው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተው፣ በ1967 በጀርመን የታተመውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለችግረኛ የቆሎ ተማሪዎች አዋሉት። ቁስላቸው ጆሯቸውን አልዘጋውም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከእንግዲህ አልበም ይዞ የሚመጣ ሰው ማን እንደ ተጫወተው፣ በስንት ዓመት እንደ ተቀረጸ፣ የቱ ቦታ ልቡን እንደ ነካውና ምን እንዳልገባው ይንገረን። ይህንንም በአማርኛ ጽፎ ለዚህ መጽሔት ይስጥ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተቀረጹትን ሸክላዎቻችንን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኤትዮፒክ» በሚል ርእስ ሰብስቦ ለዓለም ያሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ የማብራሪያው ጽሑፍም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሰውየው ሊመሰገን ይገባዋል። እኛ ግን የአባቶቻችንን ፉከራ ትርጕም በባዕድ ቋንቋ እያነበብን የምንኖር ከሆነ ምስጋናው ዕዳ ይሆንብናል።

የአገራችን አዋጅ ነጋሪ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይል ነበር። እኛ ሰምተናል፤ የቀረው ማሰማት ነው።