አንድ ቅጂ ለብዙ ሰርቨር

አንድ መሥሪያ ቤት ለሰርቨሮቹ ሁሉ አንድ ወጥ የሶፍትዌር ቅጂ ቢያዘጋጅ ሥራው ይፈጥናል። መሣሪያዎቹ ግን ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የመጡ ናቸውና እያንዳንዱ ዕቃ ከሶፍትዌሩ ጋራ የሚያግባባውን ድራይቨር ይሻል።

መፍትሔው ድራይቨሮቹን ከቅጂው ለይቶ በየዓይነታቸው ማከማቸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የፒሲአይ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ዕቃ የሠሪውንና የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ የኢንቴል 8086 ነው። የተከላው ፕሮግራም ይህን ቁጥር አንብቦ ተገቢውን ድራይቨር ራሱ ያስገባል። የኔትወርክና የዲስክ ድራይቨር ግን አስቀድሞ በማስነሻው ውስጥ ይኑር፤ ኔትወርኩን ያላወቀ መሣሪያ ከማከማቻው አንዳች አይቀበልምና።

ይህ በአዲስ አበባ ቢጎድል ባለሙያ ቅርብ ነው፤ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ቢጎድል ግን ባለሙያ ከሩቅ እስኪደርስ ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና ይሰነብታል። እንግዲህ ቅጂው ከመላኩ በፊት በየመሣሪያው ዓይነት ይፈተን።